«ድሮ ቀረ» የሚባልለት ትምህርት ቤት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከአንድ ከተማ የመጡ ናቸው፤ የሚጠይቁትም ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን በምናገኛት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ያለው አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ነው። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምንኖረው በአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል፣ በዌስት ኤንድ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፤ እኔ አረጋውያንን እየዞርኩ እንከባከባለሁ። የበኩር ልጃችን ዘንድሮ ከሃሞንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍልን ጨርሶ በነሐሴ ወደ ሃይስኩል ይገባል። በቤተ ክርስቲያንም በእድርም የምናገኛቸው ሰዎች «ያ ትምህርት ቤት ድሮ ቀረ፤ አሁን ተለውጧል፤ ልጅ ያለው ሰው ከከተማዋ ውጭ ወዳሉት አውራጃዎች፣ ወደ ፌርፋክስ ወይም ወደ ላውደን ነው የሚሄደው» ይሉናል። ባለቤቴ ይህን ሰምቶ ኮንዶአችንን ሸጠን ላውደን እንግባ ይላል። እንደዚያ ካደረግን የሥራ መንገዳችን ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ለመሆኑ ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ተለውጧል? ከተለወጠስ ከምን ወደ ምን?
እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ ተለውጧል ያሉዎት ሰዎች አልዋሹም። ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት ቤት ያልተለወጠበትን ዘመን ፈልጌ ላገኝ አልቻልኩም፤ ስለዚህ «ድሮ» የሚባለው የትኛው ድሮ እንደሆነ አስቀድመን እንለይ።

ትምህርት ቤቱ በ1965 ሲከፈት ስሙ ቲ.ሲ. ዊሊያምስ ነበር። የከተማዋ ጥቁር ልጆች ይማሩበት የነበረው ፓርከር-ግሬይ ሁለተኛ ደረጃነቱ የቀረው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ሦስት ሃይስኩሎች ኖሯት፤ በ1930ዎቹ የተሠራው ጆርጅ ዋሽንግተን፣ በምዕራብ በኩል ያለው ፍራንሲስ ሲ. ሃሞንድ እና አዲሱ ዊሊያምስ። ልጅዎ ዛሬ የሚማርበት ሃሞንድ ያኔ ራሱን የቻለ ሃይስኩል ነበር ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በ1953 ኮሪያ ውስጥ ቁስለኞችን ሲያነሣ ከሞተ የአሌክሳንድሪያ ልጅ ነው፤ የእኛ የቃኘው ልጆችም በዚያው ጦርነት እንደነበሩ ለልጅዎ ቢነግሩት ደስ ይለው ይሆናል። ሕጉ ጥቁርና ነጭ በአንድ ክፍል እንዲማሩ ቢፈቅድም ሰፈሩ በዘር የተከፈለ ስለነበር፣ ሦስቱ ትምህርት ቤቶች የሰፈራቸውን መልክ ይዘው ቀጠሉ። ከተማዋ ይህን ለማስተካከል በ1971 የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ ወደ ዊሊያምስ አስገባች፤ ሌሎቹ ሁለቱ 9ኛና 10ኛ ክፍልን ብቻ እንዲይዙ ተደረገ።

በዚያ መኸር ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች የተውጣጣው፣ «ቲታን» የሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ በጥቁሩ ዋና አሠልጣኝ በኸርማን ቡን እና በነጩ ረዳታቸው በቢል ዮስት እየተመራ 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ፤ በፍጻሜውም ተጋጣሚውን 27 ለ 0 ረትቶ የቨርጂኒያን ዋንጫ ወሰደ። በ2000 የወጣውን የዲዝኒ ፊልም ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ፊልሙን ያየ ሁሉ የማያውቀው ግን፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአሌክሳንድሪያ መጀመሪያ የተገናኙት በ1971 አለመሆኑን ነው። የመጀመሪያዎቹ 9 ጥቁር ልጆች የነጮቹን ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ያለፉት በፍርድ ቤት ትእዛዝ በየካቲት 1959 ነው። የ1971ዱ ነገር ልጆችን ማገናኘት ብቻ ሳይሆን፣ «የእኔ ትምህርት ቤት» እና «የእነርሱ ትምህርት ቤት» የሚባለውን ማፍረስ ነበር። ዋንጫው ግን ሁሉንም ሰው አላስቀረም፤ በዚያው አሥር ዓመት በርካታ ነጭ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ራቅ ወዳሉ ሰፈሮች ወጡ። ዛሬ ለእርስዎ የሚነገረው ምክር ያኔም በሌላ ቋንቋ ይነገር እንደነበር ለመገመት ብዙ አያስቸግርም።

እነርሱ በለቀቁት ቦታ ማን ገባ? እኛ ገባን። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደደው ወገናችን በ1980ው የስደተኞች ሕግ፣ ከዚያም በ1990ው ሕግ በመጣው ዲቪ ወደ ዋሽንግተን ሲጎርፍ መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋንን ሰፈሩ አደረገ፤ ኪራዩ ሲንር ደግሞ ወንዙን ተሻገረ። በሰሚናሪ መንገድ አጠገብ የቆሙትን አምስቱን የሳውዘርን ታወርስ ሕንፃዎች አሳንሰር ማታ ላይ የተሳፈረ ሰው የበርበሬውን ሽታ ስለሚያውቀው ብዙ አልልም። ከእኛ ጎን ለጎን ከኤል ሳልቫዶርና ከሆንዱራስ፣ በኋላም በተለይ ከ2021 ወዲህ ከአፍጋኒስታን ብዙ ቤተሰብ መጣ። ዛሬ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ከ100 በላይ አገሮች የመጡ ልጆች ይማራሉ፤ ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ የትምህርት አስተዳደሩ ለወላጆች መልእክት ከሚያስተረጉምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ «ሰፈሩ ተለወጠ» ሲባል ለውጡን ያመጣው ሌላ ሰው እንደሆነ አድርገን ስንሰማው ትንሽ ይገርመኛል። ለውጡማ እርስዎና እኔ ነን።

ይህን ያልኩት ስጋትዎን ለማቃለል አይደለም። በ2010 ትምህርት ቤቱ በፈተና ውጤቱ ምክንያት በፌዴራል መንግሥቱ መመዘኛ ዝቅተኛ ውጤት ካላቸው ትምህርት ቤቶች ተርታ ተመድቦ ነበር፤ ይህ በወቅቱ ብዙ ያነጋገረ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተስተካክሏል፤ ወሬው ግን እንደ ቡና ስኒ ዞሮ ዞሮ ከነበረበት ይመለሳል። እኔ የምለው ከ4,000 በላይ ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ስለ አንድ ልጅ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። በአንድ በር የሚገቡ ሁለት ልጆች አንዱ ካልኩለስና ፊዚክስ በኤፒ (በኮሌጅ) ደረጃ እየወሰደ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጋር በተያያዙት ኮርሶችም የኮሌጅ ክሬዲት እያጠራቀመ ሊወጣ ይችላል፤ ሌላው አራቱን ዓመት በኋላ ወንበር ተቀምጦ ሊጨርስ ይችላል። ሁለቱም «እዚያ ነው የተማርኩት» ይላሉ።

በመሆኑም ባለቤትዎ የላውደንን የቤት ዋጋ የሚያጠናበትን ጊዜ ግማሹን የልጃችሁን የትምህርት ዕቅድ ለማየት ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ። ከሁሉ በፊት የሒሳብ ነገር አለ። ልጁ አልጀብራ አንድን 8ኛ ክፍል ላይ ጨርሶ ከሆነ በአራት ዓመት ውስጥ ካልኩለስ ላይ መድረስ ይችላል፤ ካልጨረሰም መንገዱ አልተዘጋም፤ ሆኖም በበጋ ትምህርት ወይም በአንድ ዓመት ሁለት የሒሳብ ኮርስ በመውሰድ መካካስ አለበት፤ ይህን ደግሞ ወላጅ ካልጠየቀ ማንም ሰው በር አንኳኩቶ አይነግርም። ቀጥሎ የዲፕሎማው ዓይነት ነው። ቨርጂኒያ 22 ክሬዲት የሚጠይቅ መደበኛ ዲፕሎማና 26 ክሬዲት የሚጠይቅ ከፍተኛ ዲፕሎማ አላት፤ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስብ ከሆነ የ9ኛ ክፍል ምርጫው ከመጀመሪያው ቀን በሁለተኛው ስሌት ይደረግ። የእርስዎን ሙያ ሳስበው ደግሞ ልጁ ወደ ሕክምና የሚያዘነብል እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ከጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2018 የጀመረው የጤና ሳይንስ አካዳሚ እንዳለ ልብ ይበሉ።

ስለ ትልቅነቱም አንድ ነገር ልበል። ከተማዋ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ሁለተኛ ሃይስኩል ትሥራ ወይስ አንዱን ታስፋ የሚለውን ለዓመታት ተከራክራበታለች። በ2019 የትምህርት ቦርዱ አንድ ትምህርት ቤት በተለያዩ ግቢዎች እንዲሆን ወሰነ፤ ዋናው በኪንግ መንገድ ያለው ግቢ ሲሆን ቀድሞ 9ኛ ክፍሎች ብቻ ይማሩበት የነበረው ሚኒ ሃዋርድ እንደ አዲስ ተገንብቶ በ2024 ተከፍቷል፤ በሁለቱ መካከል አውቶቡስ ይመላለሳል። ሁለት ትምህርት ቤት ቢሠራ ኖሮ ምሥራቁ ለባለ ገንዘብ፣ ምዕራቡ ለስደተኛ ሆኖ የ1960ዎቹ ነገር ይደገም ነበር የሚለውን የደጋፊዎቹን ክርክር እኔም እቀበላለሁ። ዋጋ አያስከፍልም ግን አልልም፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ዓይን አፋር ልጅ በቀላሉ ይጠፋል፤ አንድ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ይዞ ያለ ወላጅ ጥያቄ የእርስዎን ልጅ ለይቶ ያስታውሳል ብሎ መጠበቅም የዋህነት ነው።

ስለዚህ ሂዱ፤ ባለቤትዎ ከፈረቃው በፊት፣ እርስዎም የሥራ ልብስዎን እንደለበሱ ቢሆን ሂዱ። አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱ በራሱ ወጪ ያቀርባል። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስሙን በማልጠራው በሌላ ትምህርት ቤት ከዓመታት በፊት ያየሁትን ላጫውትዎ፤ መምህርቷ ሰባት የቤት ሥራ እንዳላስረከበ ለእናቱ በዝርዝር ስትናገር ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ዝምተኛ ነው፤ ግን ጎበዝ ነው ትላለች» ብሎ ተረጎመ። እናትየው ብድግ ብላ የመምህርቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነች። መምህርቷም ነገሩ በሚገባ የተወሰደላት መስሏት ፈገግ አለች።

ላውደንም ቢሆን ድሮ የነበረችው የእርሻ አውራጃ አይደለችም፤ እርሷም ከመላው ዓለም በመጣ ሰው ተሞልታለች፤ እዚያ ሲደርሱም «ድሮ ቀረ» የሚል ሰው አያጡም። ቤት ለመቀየር ሌላ ምክንያት ካላችሁ ቀይሩ። ለልጁ ብላችሁ ከሆነ ግን፣ ሁለታችሁም በየቀኑ መንገድ ላይ የምትጨርሱት ሰዓት ከልጁ ላይ የሚቀነስ ሰዓት እንደሆነ ከዋጋው ጋር ደምሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ በቤተሰብ ማገናኘት ፕሮሰስ ከአዲስ አበባ የመጣችው በ16 ዓመቷ፣ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ነው። እዚህ 9ኛ ክፍል አስገቧት፤ ቤት መጥታ ስታለቅስ አደረች። በዚያ ላይ በምዝገባው ቀን «በቤት የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ ሲሰጠኝ አንድ ወዳጄ «አማርኛ ብለህ ከጻፍክ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ የሚሰጠው ክፍል) ውስጥ ይቀብሯታል፤ እንግሊዝኛ በል» አለኝ፤ እኔም እንግሊዝኛ ብዬ ጻፍኩ። ጥፋት ሠርቼ ይሆን?
አባት፣ ከዌስት ኤንድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለቱ የቀለለውን ላስቀድም። በአሜሪካ ሃይስኩል ክፍል የሚቆጠረው በዕድሜ ወይም በተማሩት ዓመት ብዛት ሳይሆን በተጠራቀመው ክሬዲት ነው። ልጅዎ የተመደበችው ምናልባት ትራንስክሪፕቷ ገና ስላልተገመገመ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቷ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤቷን ማኅተም ያለበት አድርገው ያስመጡ፤ ተርጉመው ካስገቡ በኋላ የክሬዲት ግምገማ እንዲደረግላት በጽሑፍ ይጠይቁ። ሒሳብ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተለያይተው ስለተሰጧት ይህ ለእርሷ ጥሩ ነው። ቆጠራው ሲያልቅ የክፍሏ ስም ይቀየር ይሆናል። ባይቀየርም አይሸበሩ፤ የቨርጂኒያ ሕግ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነና ከ12 ዓመቱ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቶቿ የገባ ተማሪ እስከ 22 ዓመቱ በነፃ እንዲማር ይፈቅዳል። በ18 ዓመቷ አባረሯት የሚል ወሬ ቢሰሙ ይህን ያስታውሱ።

የቅጹ ነገር ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወዳጅዎ የሰጡዎት ምክር መጥፎ ምክር ነው። ያ ቅጽ ልጅን የትም አይመድብም። አማርኛ ብለው ቢጽፉ የሚከተለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ምዘና ነው፤ ምዘናውን ካለፈች ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ካላለፈች ድጋፍ ይሰጣታል። ይህ ድጋፍ ችሮታ አይደለም። በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ቤተሰቦች ባቀረቡት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት አይሆንም ብሎ ወስኗል። እርስዎ እንግሊዝኛ ብለው ሲጽፉ ይህን መብት በልጅዎ ስም ሰረዙት ማለት ነው። የቨርጂኒያን ታሪክና መንግሥት የሚያስተምረው መምህር በፈጣን አነጋገር ሲተነትን እርሷ የምትጽፈው የቦርዱን ቃላት ብቻ ይሆናል፤ በፈተና ላይ ሊፈቀዱላት የሚገቡ እንደ ተጨማሪ ሰዓትና መዝገበ ቃላት ያሉ ነገሮችም ይቀሩባታል።

የሚታረም ነው። ለካውንስለሯ በሁለት መስመር «በቤታችን የምንናገረው አማርኛ ነው፤ ልጄ እንድትመዘን እጠይቃለሁ» ብለው ይጻፉ። ምዘናው ድጋፍ ያስፈልጋታል ቢልና እርስዎ ባይፈልጉት ወላጅ በጽሑፍ እምቢ የማለት መብት አለው፤ ዓመታዊውን የቋንቋ ፈተና ግን የሚፈለገው ደረጃ ላይ እስክትደርስ ድረስ መውሰዷ አይቀርም። በ2012 በትምህርት ቤቱ ውስጥ ለአዲስ መጤ ተማሪዎች የተከፈተውን ኢንተርናሽናል አካዳሚንም አብረው ይጠይቁ፤ እዚያ እንግሊዝኛው ከሒሳቡና ከሳይንሱ ጋር ተያይዞ ይሰጣል እንጂ ልጁ እንግሊዝኛ እስኪችል ሌላው ትምህርት አይቆምለትም። «ይቀብሯታል» የሚለው ቃል የመጣው ከሌላ ዘመን ይመስለኛል።

አማርኛዋንም አይደብቁባት፤ ገንዘብ ነው። ለከፍተኛው ዲፕሎማ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በሰሜን ቨርጂኒያ የአማርኛ ፈተና ወስደው ይህን ክሬዲት ያገኙ ልጆች አሉ። ግዛቱ ሁለት ቋንቋ ለሚችል ተመራቂ ዲፕሎማው ላይ የሚለጠፍ ልዩ ማኅተምም ይሰጣል። እዚህ የተወለዱት የእኛ ልጆች ለዚያ ፈተና «ሀ ሁ»ን እንደ አዲስ ሲያጠኑ ልጅዎ ቁጭ ብላ ትጽፈዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እነርሱን ብታስጠና ደግሞ ለቅሶው ይቀንስላት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ትልቋ ልጄ በ2014 ከቲ.ሲ. ዊሊያምስ ተመርቃለች። አሁን የነርስነት ፈቃድ ለማውጣት ቅጽ ስትሞላ ትምህርት ቤቱ በዚያ ስም የለም። ዲፕሎማዋ ተሰረዘ ማለት ነው? ስሙንስ መቀየር ለምን አስፈለገ? እኛ የቲታኖቹ ትምህርት ቤት እያልን ስንኮራበት ነበር።
እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አልተሰረዘም፤ ዲፕሎማዋ እንደ ጥንቱ ይሠራል። ቲታን የሚለው መጠሪያም አልተነካም፤ ኩራትዎ ባለበት አለ።

የተነካው የሰውየው ስም ነው። ቶማስ ቻምብሊስ ዊሊያምስ እስከ 1963 ድረስ ለ30 ዓመት ያህል የከተማዋ ትምህርት ኃላፊ የነበሩ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በዘር የተለያየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ካለ በኋላም ጥቁር ልጆች ከነጭ ጋር እንዳይማሩ አጥብቀው የተቃወሙ ሰው ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ብሎይስ ሀንድሊ የምትባል የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ልጆቿ ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ከሌሎች ወላጆች ጋር ብትከስ፣ ከሥራዋ ያሰናበቷት እኚሁ ኃላፊ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲሱ ሃይስኩል በስማቸው ተሰየመ፤ የሚገርመው ደግሞ የጥቁርና የነጭ አንድነት ምሳሌ ተብሎ በዓለም የታወቀው ይኸው ስም መሆኑ ነው። ስሙ ይቀየር የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ ቆይቶ፣ በ2020 የጆርጅ ፍሎይድን ሞት ተከትሎ እንደገና በርትቶ ቀረበ፤ ቦርዱ በዚያው ዓመት ኅዳር እንዲቀየር ወሰነ፤ አዲሱ ስም ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከቀድሞ ተመራቂዎች መካከል «ስሙ የሰውየው ሳይሆን የእኛ ሆኗል» ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ይሁንና በዚያ በር በየጠዋቱ የሚገቡትን ልጆች መልክ ላየ ሰው፣ ጥቁር ልጅ እንዳይገባ የታገሉ ሰው ስም ከበሩ በላይ ተጽፎ እንዲኖር የሚሟገትበት ምክንያት ጥቂት ነው።

ወደ ቅጹ ስንመለስ፣ ልጅዎ የትምህርት ቤቱን ስም ሳጥን «አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል፣ የቀድሞው ቲ.ሲ. ዊሊያምስ» ብላ ትሙላው። ዲፕሎማዋን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ብቻ ከመላክ ይልቅ ትራንስክሪፕቷን ከትምህርት አስተዳደሩ በቀጥታ ለፈቃድ ሰጪው ቢሮ እንዲላክላት ብትጠይቅ የስሙ ልዩነት ጥያቄ አያስነሣም። ካገባች በኋላ የአባት ስሟን ቀይራ ከሆነ ግን በተማረችበት ጊዜ የነበረውን ስሟን አብራ መጻፍ አትርሳ፤ የሚያስቸግረው ከትምህርት ቤቱ ስም ይልቅ ብዙ ጊዜ ያ ነው።